«ልዩ ልዩ» ሲባል ንቃ፦ ለሚያንቀላፋ ተሰብሳቢ የተጻፈ የስብሰባ ታሪክ

ይህን የምጽፈው ከስብሰባ እንደወጣሁ ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን በቀጥታ የሚመለከተኝ ነገር ተለቃቅሞ ቢደመር አራት ደቂቃ አይሞላም። ችግሩ፣ አራቷ ደቂቃ የት ጋ እንደተደበቀች አስቀድሞ የሚነግርህ ሰው የለም።

ወዳጆች፣ ዛሬ ስለ ዶላርም ስለ ምርጫም አልጽፍም። በየሳምንቱ ስለምንቀመጥባት የፕላስቲክ ወንበር ነው የማወራችሁ። ስብሰባ እንዴት እንደሚሰማ ያስተማሩኝ አንድ ሰው ናቸው፤ የተማርኩትም ከረፈደ በኋላ ነው። የረፈደውን ነገር ወደኋላ እነግራችኋለሁ።

ሰውየው የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ጋሼ ስብሰባ ላይ ይተኛሉ። እንደ እኛ አንገታቸው እየወደቀ፣ ደንግጠው እየቀኑ አይደለም። ዓይናቸው ገርበብ ብሎ፣ እስክሪብቶ በእጃቸው፣ አገጫቸው በልኩ ወደ መድረኩ ቀና ብሎ ነው። ደብተራቸው ላይ አንዳንዴ ይጽፋሉ፤ አንድ ቀን አጮልቄ ባይ «ሽንኩርት 2 ኪሎ፣ የዕቁብ ብር፣ የእሙዬ ጫማ» ይላል። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ግን ድንገት ቀጥ ብለው ይቀመጡና «ሰብሳቢው ቢፈቅዱልኝ አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ» ይላሉ። ያቺ ጥያቄ ሁልጊዜ አዳራሹን ታነቃዋለች። እንዴት እንደሚያውቁበት ስጠይቃቸው «ልጄ፣ እኔ እኮ ሦስት መንግሥት ሰብስቦኛል» አሉኝ።

ጋሼ ስለ ስብሰባ ሲያወሩ የሚጀምሩት ከአያታቸው ነው፤ ነገሩን ወደኋላ ሄጄ ሳየው ልክ ናቸው። በአገራችን ገጠር ወንጀል ተፈጽሞ ወንጀለኛው ሲጠፋ፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲገደል፣ አፈርሳታ ይጠራ ነበር። አንዳንድ ቦታ አውጫጭኝ ይሉታል። የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል። የመጣውም ቢሆን ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። አንድ ቀን ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ቀንም ሊሆን ይችላል። እርሻው ቆሟል፣ ከብቱ ይጮሃል፣ ሆድ ይሞረሙራል። በመጨረሻ አንዱ ለሽማግሌዎች ሹክ ይላል። የጠቋሚው ስም አይነሳም፤ «ወፍ» ነው የሚባለው። ወፍ ነገረችን ተብሎ ነገሩ ይወጣል።

ይህን የተረዳ ሰው የዛሬውን የቢሮ ስብሰባ ግማሹን ተረዳ ማለት ነው። አፈርሳታ ላይ መሰላቸት የስብሰባው ጉድለት አልነበረም፤ ዋና መሣሪያው ነበር። ሰው የሚናገረው ስለገባው ሳይሆን ቤቱ መግባት ስለፈለገ ነው። እስቲ የእናንተን መሥሪያ ቤት አስታውሱ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢቀርብ አቧራ የሚያስነሳው ሐሳብ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሲቀርብ ማን ይቃወመዋል? የምሳ ሰዓት የሚያሳልፈውን ውሳኔ ፓርላማም አያሳልፈውም።

በዚያው ዘመን ግን ማንም የማይተኛበት መድረክም ነበረን። «በላ ልበልሃ» እየተባለ የሚካሄደው የተጠየቅ ሙግት ነው። ተሟጋቾቹ ተነሥተው፣ ልብሳቸውን አደግድገው፣ በእጅና በአንደበት ሲፋጠጡ መንገደኛው ጭነቱን አውርዶ ይሰማ ነበር። ለምን? አንደኛ ነገሩ ርስት ነው፣ ቀልድ አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጥብኛል። ቆሞ የሚያዳምጠው አላፊ አግዳሚ ራሱ «እስቲ አንተ ፍረድ» ሊባል ይችላል። ፍረድ ሊባል የሚችል ሰው አያንቀላፋም። እኛ የምንተኛው የሚመጣው ውሳኔ ተተይቦ እንደመጣ ስለምናውቅ ነው።

ወደ ዘመናዊው ዘመን ስንመጣ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። በዓለም ላይ ስሙን «ኮሚቴ» ብሎ 17 ዓመት ሊገዛ የቻለ መንግሥት ከእኛ ሌላ ማን እንዳለው እንጃ። ደርግ ማለት በግዕዝ ኮሚቴ ማለት ነው። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ውስጥ የተሰበሰቡት የጦር ኃይሎች፣ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የብሔራዊ ጦር ተወካዮች ለራሳቸው ያወጡት ስም እንዲህ ያለ የቢሮ ስም ነበር፤ አስተባባሪ ደርግ። ልብ በሉ፣ አስተባባሪ ኮሚቴ! ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኞች ቀን የሚያዘጋጀው ዓይነት ስም ነው።

ስሙ ይሰለች ይሆናል እንጂ ስብሰባው አያስተኛም ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ይኸው ኮሚቴ ተሰብስቦ እጅ በማውጣት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች እንዲገደሉ ወሰነ። ከእነሱ መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ነበሩ። ያን ቀን እጁን ያወጣው ሁሉ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር? ጎረቤቱ ስላወጣ ያወጣስ አልነበረም? ጋሼ ይህን ሲያነሱ ድምፃቸው ይቀንሳል። «እጅ ቀላል ነው ልጄ፣ ብድግ ይላል» ይሉኛል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም.፣ ደርጉ መዋቅሩን አሻሻለ። (መዋቅር የሚለውን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።) አዲሱ መዋቅር የሻለቃ መንግሥቱ ኃይለማርያምን ሥልጣን ቀንሶ የሊቀመንበሩን የጄኔራል ተፈሪ ባንቲን ከፍ የሚያደርግ ነበር። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ጥር 26 ቀን ቤተ መንግሥት ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ጄኔራል ተፈሪና መዋቅሩን ያሻሻሉት ሰዎች ከስብሰባው ተይዘው በዚያው ቀን ተገደሉ። ሰብሳቢህ አጀንዳውን ጥሎ ሲወጣ ልብ በል ይላሉ ጋሼ። እኔ ግን በእኛ ቢሮ ሰብሳቢው የሚወጣው ስልክ ለማናገር መሆኑን እመሰክራለሁ።

ይህ ላይኛው ቤት ነው። ታችኛው ቤት፣ እኛ ሁላችን ያለንበት፣ ቀበሌ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌን ሲወልድ ከቀበሌ ጋር የእሑድ ስብሰባን ወለደ። ስም ይጠራል፣ «አቤት» ይባላል። የቀረ ሰው ስኳር ሊቀበል ቀበሌ ሱቅ ሲሄድ የት እንደነበረ ይጠየቃል። ግራ እጅ ተጨብጦ ይነሣል፣ መፈክር ይባላል፣ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ «ራስህን አጋልጥ» የሚባልበት ስብሰባ መጣ። የዚያን ጊዜ አዳራሽ ውስጥ የሚያንቀላፋ ሰው አልነበረም። ግን የሚያዳምጥም አልነበረም። ሁሉም ሰው አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠብቀው፤ የራሱን ስም፣ ወይም የልጁን።

የእኛ የስብሰባ ጆሮ የተሠራው ያን ጊዜ ይመስለኛል። አባቶቻችን ሁለት ዓይነት መስማት ለመዱ። ላይኛው ጆሮ ያጨበጭባል፣ ታችኛው ጆሮ ዳባ ለብሶ ስሙን ይጠብቃል። ይህን ልማድ ወደ ቢሮ ይዘውት ገቡ፣ ለእኛም አወረሱን። እናንተ «ሠራተኛው ትኩረት የለውም» የምትሉ የሥራ ኃላፊዎች፣ ሠራተኛው ትኩረት አለው። እናንተ የምትሉት ላይ ግን አይደለም።

ስብሰባ ማብዛቱ ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ ከወዳጃችን ከሶቪየት ኅብረት ብዬ መመለስ ይቀናኛል። እዚያም ነገሩ ገና በጠዋቱ ነው የጀመረው። ገጣሚው ማያኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 በስብሰባ ብዛት የሚያላግጥ ግጥም አወጣ። ባለጉዳዩ አዳራሹ ውስጥ ሲገባ የሚያየው ግማሽ ግማሽ ሰዎችን ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ስብሰባ ስላለባቸው ከወገብ በላይ እዚህ፣ ከወገብ በታች እዚያ ተቀምጠዋል። ሌኒን የዚህን ሰው ግጥም ብዙም አይወድም ነበር፤ ይቺኛዋን ግን በይፋ አሞገሳት። አሞገሳት እንጂ ስብሰባው አልቀነሰም። ለነገሩ ገጣሚው ዙምን ሳያይ ነው የሞተው። ባለፈው ሳምንት አንድ ባልደረባችን ካሜራው ሳይጠፋ ለበር ተነሥቶ፣ ከወገብ በላይ ሸሚዝና ከረቫት፣ ከወገብ በታች ሽርጥ መሆኑን ሃያ ሦስት ሰው አይቷል።

ከሁሉም ስብሰባ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን የግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሄደዋል። የአገሪቱ ጄኔራሎች መከላከያ ሚኒስቴር ተሰብስበዋል። ኤታ ማዦር ሹሙ ጄኔራል መርዕድ ንጉሤ አሉ፣ የአየር ኃይል አዛዡ ጄኔራል አምሃ ደስታ አሉ። ጦር የሚያዙ፣ ብዙ ዘመን የተዋጉ ሰዎች ናቸው። መንግሥት ለመገልበጥ ነው የመጡት። እና ምን አደረጉ? ተሰበሰቡ! ሰዓቱ በውይይት ነጎደ። በውይይቱ መሐል የቤተ መንግሥቱ ጠባቂ ጦር ታንኮች ግቢውን ከበቡት። መርዕድና አምሃ እዚያው የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ። ከተያዙት ውስጥ 12 ጄኔራሎች በዓመቱ ተረሸኑ። ስለዚያ ቀን ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ዛሬም ይከራከሩበታል። እኔ የስብሰባ ታሪክ ጸሐፊ ስለሆንኩ አንድ ነገር ብቻ ነው የማየው። ስብሰባው ከውሳኔው ረዘመ። ጋሼ በዚያ ዘመን ገና ሦስተኛ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ያን ዕለት ከሰዓት እሳቸውም ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ አጀንዳው የጥራጊ ወረቀት አወጋገድ ነበር። የከተማውን ጭንቀት ከመስኮት ሲሰሙ ሰብሳቢው «አጀንዳችንን አንልቀቅ» አሉ።

አሁን ፈረንጅ አገር እንሂድ፤ ለብቻችን የተረገምን እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1944 የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ኦኤስኤስ፣ የዛሬው ሲአይኤ ቅድመ አያት፣ በናዚ ጀርመን በተያዙ አገሮች ለሚኖሩ ተራ ሰዎች አንዲት የአሻጥር መመሪያ አዘጋጀ። ግማሹ የሚጠበቅ ነው፤ ሞተር ውስጥ አሸዋ ጨምር ዓይነት። የመጨረሻው ክፍል ግን የቢሮ ሥራ እንዴት እንደሚበላሽ ያስተምራል። ማንኛውንም ነገር «በመስመሩ ይሂድ» በል ይላል። ብዙ ተናገር፣ ረጅም ተናገር፣ ከራስህ ገጠመኝ እየጠቀስክ ተናገር። ጉዳዩን ሁሉ ለተጨማሪ ጥናት ለኮሚቴ ምራው፤ ኮሚቴውን በተቻለ መጠን አብዛው፣ ከአምስት ሰው አይነስ። የማይገናኝ ነገር አንሣ። በቃለ ጉባኤው ቃላት ላይ ተከራከር። ባለፈው ስብሰባ ያለቀውን ጉዳይ እንደገና ክፈት። ይበልጥ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር ስብሰባ ጥራ።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ላብ አሰመጠኝ። ሂትለርን ለመጣል የታዘዘውን ሁሉ የእኛ ክፍል ኃላፊ ያለማንም ትእዛዝ፣ በደመወዝ ሲፈጽሙት ኖረዋል።

አሻጥር ሳይኖርስ ስብሰባ ለምን ይንዛዛል? ለዚህ መልስ የሰጠው የእንግሊዙ የታሪክ ሰው ፓርኪንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ባወጣው መጽሐፉ በምሳሌ አንድ ኮሚቴ ያሳየናል። የ10 ሚሊዮን ፓውንድ የአቶሚክ ማብለያ በሁለት ደቂቃ ተኩል ያልፋል፤ ምክንያቱም ማንም አይገባውም፣ ማንም ደግሞ እንዳልገባው መናገር አይፈልግም። ቀጥሎ የ350 ፓውንድ የብስክሌት ማቆሚያ ዳስ ይመጣል፤ 45 ደቂቃ ያከራክራል፤ ዳስ ሁሉም ያውቃላ። የመጨረሻው ለኮሚቴ ስብሰባ የሚቀርበው የ21 ፓውንድ ቡና ነው፤ እሱ አንድ ሰዓት ከሩብ ወሰደ። ከዚህ ለአዳማጭ የሚወጣ ነገር አለ። ቤቱ በጩኸት ሲሞላ ተኛ፣ የምንነጋገረው ስለ ቡና ነው። ቤቱ ጸጥ ብሎ ገጹ ቶሎ ቶሎ ሲገለበጥ ግን ተነሥ። ማብለያው እያለፈ ነው።

ኢሕአዴግ ሲገባ ግምገማን ከበረሃ ይዞ መጣ። በረሃ ላይ ተራው ታጋይ አዛዡን ፊት ለፊት የሚሞግትበት መሣሪያ ነበርና ጥቅም እንደነበረው የሚመሰክሩ ብዙ ናቸው። ቢሮ ሲገባ ግን ሌላ ፍጥረት ሆነ። «ጠንካራ ጎንህ ሰዓት ታከብራለህ፣ ደካማ ጎንህ ራስህን አትጠብቅም፣ በጣም ትሠራለህ» የሚባባሉበት የመሞጋገሻ ቤት የሆነበት አለ፤ ሌላው ቤት ደግሞ የቂም መወጫ ሆነ። ራሳቸው ባለቤቶቹም በስብሰባ ነው የተበሉት። በ1993 ዓ.ም. የሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ መቀሌ ላይ ከአንድ ወር በላይ ተሰበሰበ። የውይይቱ ማዕከል ቦናፓርቲዝም የሚባል ነገር ነበር። 12 አባላት ስብሰባውን ረግጠው ወጡ። ረግጦ መውጣት ክብር አለው፣ ያስጨበጭባል፤ ነገር ግን የወጣ ሰው የለም ማለት ነው፣ የቀረው ይወስናል። ወሰነም። ከዚያ በኋላ የናፖሊዮንን ስም ሰምቶ የማያውቀው የእኛ መሥሪያ ቤት ሹፌር ሳይቀር ስለ ቦናፓርቲዝም ሁለት ቀን ተሰብስቧል። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ደግሞ የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ 17 ቀን በዝግ ተሰበሰበና ስንጠብቀው ከርመን፣ እስረኞች እንደሚፈቱና ማዕከላዊ እንደሚዘጋ ተነገረን። ይህንንም ለእውነት ስል አስቀምጣለሁ፤ ከረጅም ስብሰባ ሁልጊዜ ከንቱ ነገር አይወጣም።

አዳማና ቢሾፍቱ ሆቴል ስለሚካሄደው ባለ አበሉ ወርክሾፕ አልጽፍም። እሱን ማንም እንዴት እንደሚሰማ ምክር አይፈልግም። ሁሉም ሰው የሚሰማው የፊርማ ወረቀቱ ሲዞር ነው።

አሁን ወደ ረፈደው ነገር ልምጣ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቢፒአር የሚባለው የመሠረታዊ አሠራር ለውጥ ወደ እኛ መሥሪያ ቤት ገባ። እኔ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ አድርገው መርጠውኛል፤ ጸሐፊ የሚደረገው ሁልጊዜ ልጅ እግሩ ነው። ጋሼ ያን ሳምንት አገር ቤት ለቅሶ ሄደዋል። ስብሰባው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀመረ። አንደኛው አጀንዳ የሻይ ክበቡ ዋጋ ነበር፤ በደንብ ተከራከርን፣ እኔም ስለ ፓስቲ ውፍረት ተናግሬያለሁ። ሁለተኛው የሰርቪስ መስመር ነበር። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሰብሳቢው «ልዩ ልዩ» አሉና አንድ ገጽ አነበቡ። ቃል በቃል አላስታውስም። ያልሰማሁትን እንዴት ላስታውስ? በመዋቅሩ መሠረት የጽሕፈት አገልግሎት «ወደ ፈጻሚዎች እንዲዋሐድ» የሚል ነገር አለበት። «ተቃውሞ ያለው?» አሉ። የለም። «በጭብጨባ።» አጨበጨብን። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ፣ በገዛ እጄ። ሰዉ እየወጣ ፈረመ፤ አንዳንዱ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፈረመ።

ወደ ፈጻሚዎች ይዋሐድ ማለት ታይፒስት የሚባል የሥራ መደብ የለም ማለት ነው። ታይፒስታችን እትዬ ነበሩ። 19 ዓመት በታይፕራይተር፣ ቀጥሎ በኮምፒውተር የሁላችንንም ደብዳቤ የጻፉ፣ የሁላችንንም የፊደል ግድፈት ዝም ብለው የሚያርሙ ሴት ናቸው። የሠራተኛው ድልድል ሲለጠፍ ስማቸው የለም። እሳቸውም እኮ ስብሰባው ላይ ነበሩ። እሳቸውም አጨብጭበዋል። አጠገቤ ተቀምጠው ለልጃቸው ሹራብ እየሠሩ ነበር። ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ጋ ሲሄዱ ቃለ ጉባኤው ወጣ። የተቃወመ አለ? የለም። በሙሉ ድምፅ። የእርስዎ ፊርማ ይኸው፣ ሰባተኛው መስመር ላይ። ከሥር የጸሐፊው ፊርማ። የእኔ ማለት ነው።

እትዬ አልወቀሱኝም። ዕቃቸውን ሲሰበስቡ «አንተ ልጅ፣ ‹ጸደቀ› በጸሎቱ ‹ጸ› ነው የሚጻፍ፣ በፀሐዩ አይደለም» ብለው አረሙኝና ሄዱ።

ጋሼ ከለቅሶ ሲመለሱ ቃለ ጉባኤውን አንብበው ለሁለት ቀን አላናገሩኝም። በሦስተኛው ቀን ሻይ ክበብ ጠሩኝ። «መተኛትህ አይደለም ያናደደኝ» አሉ። «እኔም እተኛለሁ። ያለ ቦታህ ተኛህ።» ከዚያ ያላቸውን ሁሉ ነገሩኝ። እዚህ የምጽፈው ሁሉ የእሳቸው ነው።

አማርኛ ለሚያንቀላፋ ሰው የተፈጠረ ቋንቋ ነው አሉኝ፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ነውና። ተናጋሪው «ከዚህ አንጻር ባለድርሻ አካላትን በማቀናጀት፣ የታዩ ክፍተቶችን በመሙላት፣ ተናቦ የመሥራት ባህላችንን በማጎልበት» እያለ ሲሄድ አርፈህ ተቀመጥ፤ ገና መንገድ ላይ ነው። ማሰሪያው ሲመጣ ብቻ ጆሮህን ስጥ። «ትኩረት ተሰጥቶት የሚሠራ ይሆናል» ካለ ማንም አይሠራውም፣ ተኛ። «ይታሰባል»፣ «ይጠበቃል»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል» ከሆነም ተኛ፤ ባለቤት የለውም። ግሱ ባለቤት ሲያበጅ፣ «ትሠራላችሁ»፣ «ታስረክባላችሁ»፣ «እስከ አርብ» ሲባል ግን ያን ጊዜ ንቃ። ከሁሉ በላይ የምትፈራው ቃል ደግሞ ለስላሳ ቃል ነው። ይዋሐድ፣ ይስተካከል፣ ይጣጣም። ሰው ከሥራ የሚወጣው በ«ይባረር» አይደለም ልጄ፣ በ«ይጣጣም» ነው።

ስለ መቀመጫም ነገሩኝ። ከምሰሶ ጀርባ አትቀመጥ፤ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚፈልገው እዚያ ነው፤ ቀበሌም እንደዚያው ነበር። ራሱን ቶሎ ቶሎ የሚነቀንቅ ሰው አጠገብ ሁን፤ የሁለታችሁንም ይነቀንቃል። ድንገት ሐሳብ ስጥ ከተባልክ «ከእኔ በፊት በተናገሩት እስማማለሁ» አትበል፤ በፊትህ የተናገረው ስለ ምን እንደተናገረ አታውቅም። «ይህ ነገር ስንት ሰው ይነካል?» ብለህ ጠይቅ። የትኛውም አጀንዳ ላይ ትገባለች፣ መልስ ያላዘጋጀ ሰው ደግሞ ትይዛለች። ለካ አዳራሹን የምታነቃው የጋሼ ጥያቄ ያቺው አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ ዓመት ሙሉ ሰምቻት አላስተዋልኩም። መልስ ካጣህ ደግሞ «የልዩነት ሐሳቤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» በል። በስብሰባ ላይ የተባለው አይደለም የሆነው፣ የተጻፈው ነው። ሳታነብ አትፈርም።

ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። የሽኝታቸው ዕለት የንግግሩ ተራ አንድ ሰዓት ከሃያ ፈጀ፤ ዓይናቸው ገርበብ ብሎ በፈገግታ ሲሰሙ ዋሉ። እኔ ብቻ ነኝ የተኙ መሆናቸውን ያወቅሁት። ስጦታው «ይበረከትላቸዋል» ሲባል ነቁ።

የዛሬው ስብሰባ በዙም ነበር። ስልኬን አስደግፌ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ያህል ቆየሁ። ከዚያ ሰብሳቢዋ «ልዩ ልዩ» አሉ። ልቤ ደነገጠ፣ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ድምፄን ከፈትኩ። አጀንዳው ለመሥሪያ ቤቱ ምሥረታ በዓል የሚታተመው ቲሸርት ቀለም ነው። ግማሹ ቢጫ ይሁን አለ፣ ግማሹ ሰማያዊ። «ይቅርታ፣ ይህ ነገር ስንት ሰው ይነካል?» ብዬ ጠየቅሁ። «140» አሉኝ። ሃያ አምስት ደቂቃ ተከራከርን። እኔም ስለ ቢጫ ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ።

ቢጫ ሆነ። ቃለ ጉባኤው በቴሌግራም ሲላክልን ቃል በቃል አነበብኩት። «ፀደቀ» ይላል፣ በፀሐዩ። አልፈርምም፣ ይታረምልኝ ብዬ መለስኩት። ጸሐፊዋ ልጅ ተበሳጨች፣ ሁለቱም ልክ ነው አለች፣ ጉዳዩ ወደ ሰብሳቢዋ ሄደ፣ ነገ ጠዋት አጭር ስብሰባ ተጠርቷል። በቃለ ጉባኤ ቃላት ላይ ተከራከር የሚለው ከየት መመሪያ እንደሆነ ትዝ ያለኝ ይህን ከላክሁ በኋላ ነው።